የቪየናው ክርክር እኛንም ያገባናል

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤናና የሕግ ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከስድስት ኪሎና ከአምስት ኪሎ በእግራችሁ ወርዳችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ! በሥራ ቀን ማምሻ ላይ የፒያሳን የመኪና መጨናነቅ ታግሣችሁ፣ ስለ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሲ ለመስማትና ለመወያየት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን መድረክ ላዘጋጁት ወጣቶችም ምስጋናዬ ታላቅ ነው።

የዛሬውን ርዕስ የሰማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ እኮ ፈረንጆች ቪየና ላይ ተቀምጠው የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ብዙዎቻችሁም በልባችሁ እንደምትጠይቁት እገምታለሁ። ስለዚህ ንግግሬን በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። በመጀመሪያ ዓለም የሚተዳደርበት የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ከየት እንደመጣ ባጭሩ እናገራለሁ። ቀጥሎ ማን ከማን ጋር በምን እንደሚከራከር አሳያለሁ። በመጨረሻም ወደ ቤታችን እመለሳለሁ፤ ረጅሙን ጊዜ የምወስደውም እዚያ ላይ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

ስለራሴ አንድ ነገር ልበል። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ እንደ ሞርፊን ያሉ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው፣ ናርኮቲክ የሚባሉ መድኃኒቶች ከሚቀመጡበት ባለ ሁለት ቁልፍ ቁም ሣጥን አጠገብ ነው። እዚህ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ያንን ቁም ሣጥን ታውቁታላችሁ። አንዱ ቁልፍ ከአንድ ሰው ጋር፣ ሌላው ከሌላ ሰው ጋር ይሆናል፤ እያንዳንዷ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ በመዝገብ ትወጣለች፤ ባዶዋ ተመልሳ ትቆጠራለች፤ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ። የዓለም የዕፅ ቁጥጥር ተቋማት ከተቀመጡባት ከቪየና የሚከታተሉት ሕግ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በዚያ ቁም ሣጥን በኩል ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ነገሩ የተጀመረው ሞርፊንና ሄሮይን በሚወጡበት የተክል ጭማቂ፣ በኦፒየም ነው። በ1909 የአሥራ ሦስት አገሮች ልዑካን ሻንጋይ ላይ ተሰብስበው ስለ ኦፒየም ንግድ መከሩ። በ1912 በዘ ሄግ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኦፒየም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ውሎች ተከታተሉ፤ እነዚያን ሁሉ አንድ ላይ ያጠቃለለው ግን የ1961 ነጠላ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ነው። በ1971 በአእምሮ ላይ የሚሠሩትን፣ ሳይኮትሮፒክ የሚባሉትን የሚመለከት፣ በ1988 ደግሞ ሕገወጥ ዝውውርን የሚመለከት ስምምነት ተጨመረ። ዛሬ መላው ዓለም ማለት ይቻላል በእነዚህ በሦስቱ ይተዳደራል፤ ኢትዮጵያም የሦስቱም አባል ናት። አፈጻጸማቸውን የሚከታተሉት ተቋማት መቀመጫቸው ቪየና ነው። አንደኛው 53 አባል አገሮች ያሉት የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ሲሆን፣ ሌላው 13 ባለሙያዎች ያሉበት ዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ የንግግሬ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው። የ1961 ስምምነት መግቢያ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ይናገራል። ሱስ ለግለሰቡ ከባድ ክፉ ነገር፣ ለኅብረተሰቡም አደጋ መሆኑን ይናገራል። በዚያው መግቢያ ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምንና ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን፣ ለዚህም እንዲገኙ በቂ ዝግጅት መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ስምምነቱ ሁለት በሬ የተጠመደበት ሞፈር ነበር፤ አንዱ ቁጥጥር፣ ሌላው አቅርቦት። ስድሳ ዓመት ሙሉ ግን ሲጎትት የኖረው የቁጥጥሩ በሬ ብቻ ነው። በሀብታም አገሮች ይህ ብዙም አልታወቀም፣ መድኃኒቱ አልጠፋባቸውምና። የታወቀው እንደ እኛ ባለው አገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ዓለም በምን ይከራከራል?

በ1971 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን አደንዛዥ ዕፅን የአገሪቱ ቁጥር አንድ ጠላት ብለው ከፈረጁ በኋላ፣ «ጦርነት» የሚለው አነጋገር የዓለም ቋንቋ ሆነ። በ1998 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ልዩ ስብሰባ ጠርቶ ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ ዓለም እንደሚቻል አወጀ። ምን ተገኘ? የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ 292 ሚሊዮን ሰዎች አደንዛዥ ዕፅ እንደተጠቀሙ፣ ከእነዚህም 64 ሚሊዮኑ በሱስ ሕመም ውስጥ እንዳሉ፣ ሕክምና የሚያገኘውም ከአሥራ አንድ ታማሚ አንዱ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። በታይላንድ በ2003 በተካሄደው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ተገደሉ። በፊሊፒንስ ከ2016 ጀምሮ በፖሊስ ዘመቻ የተገደሉትን መንግሥት ራሱ ከስድስት ሺህ በላይ ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ የዘመቻው መሪ የነበሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱተርቴ በመጋቢት 2025 ተይዘው ዘ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ተወስደዋል። እኔ የሰው ልጅ ያለ ፍርድ መንገድ ላይ የሚገደልበትን ዘመቻ ፖሊሲ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ተቃውሞው በጉልበት የመጣው ዋጋውን በደም ከከፈሉት አገሮች ነው። በ2012 ሜክሲኮ፣ ኮሎምቢያና ጓቴማላ «ይህን ፖሊሲ እንደገና እንመርምረው» ብለው ጠየቁ፤ ለ2019 ታስቦ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ጉባኤ በእነሱ ግፊት ወደ ሚያዝያ 2016 ተሳበ። የዚያ ጉባኤ ሰነድ የተሐድሶ ፈላጊዎችን ልብ አላረካም፤ የሞት ቅጣትን አላወገዘም፤ «ጉዳት ቅነሳ» የሚለውን፣ ተጠቃሚውን ከመቅጣት ይልቅ ዕፁ የሚያደርስበትን ጉዳት መቀነስ ማለት የሆነውን ሐረግም አላስገባም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፤ ለሕክምና የሚውሉ ናርኮቲኮች አቅርቦት ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንዲኖረው አደረገ። ያ የረሳነው በሬ በጉባኤ ደረጃ ተጠራ ማለት ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?» ተብሎ ይቀርባል። ይህ አቀራረብ ያሳስታል። ፖርቱጋልን እንመልከት። በ2001 ተግባራዊ በሆነው ሕጓ፣ ለአሥር ቀን የግል ፍጆታ የማይበልጥ ዕፅ የተያዘበት ሰው ወንጀለኛ መሆኑ ቀረ፤ ዕፁ ግን አልተፈቀደም፤ ሻጩም እስከዛሬ ይታሰራል። የተያዘው ሰው የሚቀርበው የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ባሉበት ኮሚሽን ፊት ነው። ኡራጓይ በ2013፣ ካናዳ በ2018 ያደረጉት ግን ሌላ ነው፤ እነሱ ካናቢስን ከምርት እስከ ሽያጭ በሕግ ሥር አስገቡት። ስዊዘርላንድ ደግሞ ዙሪክ መሐል በነበረው መናፈሻ በየቀኑ ብዙ ሰው በግልጽ ሄሮይን ሲወጋ ካየች በኋላ፣ ከ1994 ጀምሮ ሌላ ሕክምና ላልሠራላቸው ታማሚዎች ሄሮይኑን ራሱን በሐኪም ቁጥጥር መስጠት ጀመረች፤ ሕዝቧም በ2008 በድምፅ አጸናው። ሦስቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ቅርጫት ከቶ መደገፍም ሆነ መቃወም ትክክል አይደለም።

ያልተሳካውንም ልንገራችሁ፣ አንዱን ወገን ብቻ ይዤ መሄድ አልፈልግምና። የአሜሪካዋ ኦሪጎን ግዛት ሕዝብ በኅዳር 2020 በድምፁ የግል ይዞታን ከወንጀልነት አወጣ። ቅጣቱ በቶሎ ተነሣ፤ ሕክምናው ግን በዚያው ፍጥነት አልደረሰም። በዚያ ላይ ፌንታኒል የተባለው እጅግ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ የሕመም ማስታገሻ እንደ ማዕበል መጣ፣ ሕዝቡ በየመንገዱ የሚያየው ነገር አስቆጣው፣ በ2024 የግዛቲቱ ምክር ቤት የግል ይዞታን እንደገና ወንጀል አደረገው። ፖርቱጋልን ከኦሪጎን የለየው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት የሕክምናው አልጋ፣ ሐኪሙና ተከታታዩ ሠራተኛ አስቀድመው መኖራቸው ነው። እስር ቤቱን ዘግቶ ሆስፒታሉን አለመክፈት ተሐድሶ አይባልም።

ወዳጆቼ፣ ይህ ክርክር የነጮች ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ አፍሪካ ውስጥም እንደሚካሄድ ላስታውሳችሁ። ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን የጠሩት፣ የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የመሩት የምዕራብ አፍሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ2014 ተጠቃሚውን ማሰር ይቅር ብሎ መከረ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2018 አዋቂ ሰው በግል ቤቱ ካናቢስ መጠቀሙ ወንጀል ሊሆን አይገባም ብሎ ፈረደ። ጋና በ2020 ባወጣችው ሕግ ለግል መጠቀሚያ ለተያዘ ዕፅ እስራቱን በገንዘብ መቀጮ ተካች። ታንዛኒያ በ2011 ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ውስጥ ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን የተባለውን፣ የሄሮይኑን ጥማት የሚያስታግስ መድኃኒት መስጠት ጀመረች። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ቪየና ላይ ካናቢስ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ሰንጠረዥ ይውጣ ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ 27 ለ25 ሆኖ አለፈ፤ ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካ ደገፉ፣ ናይጄሪያ፣ ግብጽና ኬንያ ተቃወሙ። አህጉራችን ራሷ ለሁለት ተከፍላለች፤ መከፈሏም የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳያስቡበት ዝም ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ቪየና ራሷ እየተለወጠች ነው። አንድን ዕፅ በሰንጠረዥ ከማስገባትና ከማውጣት በቀር፣ ለዘመናት የኮሚሽኑ ውሳኔዎች በስምምነት፣ ያለ ድምፅ ነበር የሚያልፉት። በመጋቢት 2024 ግን ሩሲያና ቻይና እየተቃወሙ «ጉዳት ቅነሳ» የሚለው ሐረግ በኮሚሽኑ ውሳኔ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኮሎምቢያ የቁጥጥሩን ሥርዓት የሚመረምር ነጻ የባለሙያዎች ቡድን ይቋቋም ብላ ያቀረበችው ሐሳብ በ30 ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ18 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ተቃዋሚዎቹ አሜሪካ፣ ሩሲያና አርጀንቲና ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ በሌላ ጉዳይ ሁሉ የሚጋጩ አሜሪካና ሩሲያ እዚህ ላይ አንድ ላይ እጃቸውን አነሡ። ስድሳ ዓመት ተዘግቶ የነበረ በር በትንሹም ቢሆን ተከፍቷል ማለት ነው። ማን ነው ገብቶ የሚናገረው? እኛ ምን ይዘን እንገባለን?

ሦስተኛው ነጥቤ ይኸው ነው።

ከሞርፊን ልጀምር። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አንዲት ወጣት ቆመች። አባቷ የጉሮሮ ካንሰር ነበረባቸው። በአንድ እጇ ለናርኮቲክ ብቻ የሚሠራውን ልዩ የማዘዣ ወረቀት፣ በሌላው ባዶ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዛለች፤ ብልቃጡ ያለፈው ጊዜ የወሰደችው የሞርፊን ሽሮፕ የነበረበት ነው፤ አጥባ፣ አድርቃ፣ ክዳኑን በስስ ጨርቅ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። እኛ ዘንድ ሞርፊኑ አልቆ ነበር። ሌላ ሆስፒታል ሄዳ እንድትሞክር ነገርኳት፤ ከዚያ እንደመጣች ነገረችኝ። «ጋሼ፣ አባዬ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲደበድብ ነው የሚያድረው» አለችኝ። ቁም ሣጥኑ ከኋላዬ ተቆልፏል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶ ቁም ሣጥን በሁለት ቁልፍ መቆለፍ ለማን ይጠቅማል? ሕጉ ያሰበው ይህንን ነበር?

ይህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ውስጥ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች በሙሉ የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ደግሜ ልናገረው፤ ከ298.5 ቶን 0.1 ቶን። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ማዘዣ የተጥለቀለቀው የሕመም ማስታገሻ ራሱ የሱስ ወረርሽኝ ወልዶ ነበር፤ በኋላም ፌንታኒል ሲጨመርበት በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። አንዱ በመትረፍረፍ ይሞታል፣ ሌላው በማጣት ይሠቃያል፤ ሁለቱም የሚተዳደሩት በአንድ ስምምነት ነው። ጥናቱ ሌላም ነገር አስልቷል፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች በከባድ ሕመም የሚሠቃዩትን ሕፃናት ፍላጎት በሙሉ ለመሸፈን በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይበቃል። ገንዘቡ አይደለም የጠፋው።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ካላችሁ፣ ብዙም የማትርቀንን ኡጋንዳን ተመልከቱ። እዚያ የሞርፊን ዱቄት ገዝተው በአገር ውስጥ በውኃ በጥብጠው፣ መጠኑ እንዳይምታታ በቀለም ለይተው ለታማሚው በነጻ ይሰጣሉ። ከ2004 ጀምሮም ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ሕግ ፈቅዶላቸዋል። ኡጋንዳ የ1961ን ስምምነት ጥሳለች? አልጣሰችም። ሁለቱንም በሬ ጠምዳለች። እዚህ አዲስ አበባም ከ2003 ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲያስታምም ኖሯል፤ በየሆስፒታሉም የማስታመም ሕክምናን የተማሩ ሐኪሞችና ነርሶች አሉን። መሠረቱ አለ ማለት ነው።

አሁን ለሕግ ባለሙያዎቹ አንድ የአሠራር ጉዳይ ላስረዳ፤ ደረቅ ቢመስልም የብዙ ሰው ሌሊት የሚወሰነው በእሱ ነው። እያንዳንዱ አገር በሚቀጥለው ዓመት ስንት ኪሎ ሞርፊን፣ ስንት ፔቲዲን፣ ስንት ፌንታኒል እንደሚያስፈልገው ገምቶ ለቁጥጥር ቦርዱ በየዓመቱ ይልካል። ከግምቱ በላይ ማስገባት አይቻልም። ግምቱ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ያለፈው ዓመት ፍጆታ ታይቶ ነው። ባለፈው ዓመት መድኃኒቱ ስላልነበረ ጥቂት ተጠቀምን፤ ጥቂት ስለተጠቀምን ጥቂት ገመትን፤ ጥቂት ስለገመትን ጥቂት መጣ። ያቺ ወጣት ባዶ ብልቃጧን ይዛ የተመለሰችበት ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ ፍላጎት ተብሎ አልተጻፈም። ስምምነቱ ግን በዓመቱ መካከልም ቢሆን ተጨማሪ ግምት መላክን ይፈቅዳል። ይህንን በር ቪየና አልዘጋችውም።

ሁለተኛው ኬታሚን ነው። እዚህ ያላችሁ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ፈገግ ስትሉ አየሁ፤ ታውቁታላችሁ። በወጣትነቴ በአንድ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ስሠራ፣ አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ሌሊት በቃሬዛ መጣች። መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ አልነሣም ብሏል፤ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። የማደንዘዣው ነርስ ከእኔ የወሰደው አንድ ትንሽ የኬታሚን ብልቃጥ ነበር። ኬታሚን ታማሚውን አስተኝቶ ትንፋሹን በራሱ እንዲተነፍስ የሚተው፣ የደም ግፊትንም የማያወርድ መድኃኒት በመሆኑ፣ ማሽን በሌለበት ቦታ የሚተካው የለም። ቀዶ ሕክምናው በባትሪ ብርሃን ተሠራ፤ እናትም ልጅም ተረፉ።

አሁን ወደ ቪየና ተመለሱ። በ2015 ቻይና ኬታሚን በወጣቶቿ ዘንድ በመዝናኛነት ስለተስፋፋባት በ1971ዱ ስምምነት ሥር በዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲገባ ሐሳብ አቀረበች። ችግሯ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ያ ውሳኔ ቢያልፍ ኖሮ የማስመጫ ፈቃዱ፣ ልዩ ማዘዣው፣ ባለ ሁለት ቁልፉ ቁም ሣጥን ኬታሚንንም ይከተለው ነበር፤ ሞርፊን የደረሰበት ዕጣም ይደርስበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ተቃወመ፤ የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ባለሙያዎች ከየአገሩ ጮኹ፤ ኮሚሽኑም ውሳኔውን አዘገየው። ጉዳዩ ትራማዶል በተባለው የሕመም ማስታገሻም ተመሳሳይ ነው፤ ግብጽና የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በሕገወጡ ትራማዶል ክፉኛ ተጎድተዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ደግሞ በ2018 መድኃኒቱን ማጥበቅ ሌላ ማስታገሻ የሌላቸውን ታማሚዎች እንደሚጎዳ አይተው ለቁጥጥር አላቀረቡትም። ባልደረባዬ «እኛን ምን አገባን?» ብሎ ነበር። ያቺ እናት ናት ያገባችን።

ሦስተኛው ጫት ነው፤ ይህ ጉዳይ አዳራሹን እንደሚያነቃው አውቃለሁ። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር በ1971ዱ ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገኛል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2006 መርምረው ቅጠሉ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲደረግበት አላሳሰቡም። ይሁን እንጂ ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በሰኔ 2014 ከለከሉት። የብሪታንያ መንግሥት የራሱ አማካሪ ምክር ቤት በጥር 2013 ማስረጃውን መዝኖ «አትከልክሉ» ብሎት ነበር፤ አልሰማም። የሐረርጌና የኬንያው ሜሩ ገበሬ የአውሮፓ ገበያውን ያጣው ድምፁ ሳይሰማ ነው። ይህንን ከቦሊቪያ ጋር አወዳድሩት። የ1961 ስምምነት ኮካ የተባለውን ቅጠል ማኘክ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲጠፋ ይደነግጋል፤ ቦሊቪያ «ይህ የአያቶቻችን ልማድ ነው» ብላ ከስምምነቱ ወጣች፣ በ2013 ኮካ ማኘክን የሚከለክለው ድንጋጌ እሷን እንዳይመለከት አስመዝግባ ተመልሳ ገባች። ኃያል አገር አይደለችም፤ ግን ተናገረች፣ ተሰማች።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ የጫት ጠበቃ ሆኜ አልመጣሁም። በዚህ ከተማ ከትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ጫት ሲሸጥ፣ በቀን ብርሃን መቀመጫ ቤት ተዘግቶ ወጣት በምርቃና ሲውል፣ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር አልኮል ሲጨመር የሚያይ ወላጅ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እኔም ወላጅ ነኝ። የምለው ጫትን በተመለከተ የራሳችን የተጻፈ፣ በጥናት የተደገፈ ፖሊሲ ይኑረን፤ ለማን እንደማይሸጥ፣ የት እንደማይሸጥ፣ ገበሬው ምን አማራጭ እንዳለው፣ የተጎዳው የት እንደሚታከም የሚናገር ነው። ይህን ይዞ ቪየና የሚገባ አገር ማንም ስለ እሱ እንዲወስንለት አይጠብቅም።

አራተኛው በየትኛውም ስምምነት ውስጥ የሌለው ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በለገሃር ወይም በስታዲየም በኩል ብታልፉ፣ ትንንሽ ልጆች የሃይላንድ ጠርሙስ በሹራባቸው እጅጌ ሸሽገው አፍና አፍንጫቸው ላይ ይዘው ታያላችሁ። ውስጡ ማስቲሽ ነው፤ አንዳንዴም ቤንዚን። ማስቲሽ ጫማ ሠሪው የሚሠራበት ዕቃ ስለሆነ የ1961ም፣ የ1971ም፣ የ1988ም ሰንጠረዥ አይነካውም። አንድ ጊዜ ከእነዚህ ልጆች አንዱን ለምን እንደሚስበው ጠየቅሁት። «ብርዱን ያስረሳል፣ ረሃቡንም» አለኝ። ለዚህ ልጅ የሚሆነው የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ የቱ ነው? እሱን ማሰር ምኑን ይፈታል? በመሐል አዲስ አበባ በየቀኑ በዓይናችን የምናየው የዕፅ ችግር መፍትሔው ያለው በመኝታ ቦታ፣ በምግብ፣ በትምህርት ቤትና ታግሶ በሚከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ ውስጥ ነው። በዓለም መድረክ ስንናገር ይህንንም ልንናገረው ይገባል፤ የእኛ እውነት ነውና።

ስለ ሕጋችን ጥቂት ልበል። በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 525 ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በአንድ አንቀጽ ሥር አስቀምጧቸዋል፤ ቅጣቱ ቢለያይም ሦስቱም በወንጀል ዓይን ነው የሚታዩት። በቦሌ አየር ማረፊያ ኮኬይን በሻንጣ የሚያሳልፍ ነጋዴን በተመለከተ ክርክር የለኝም፤ ሕጉ ይያዘው። ነገር ግን በሱስ የተያዘ ወንድማችን ከዚያ ነጋዴ ጋር በአንድ አንቀጽ መነበብ አለበት? ብዙ ሰው «ስምምነቱ ያስገድደናል» ይላል። አያስገድድም። ጥብቅ የሚባለው የ1988 ስምምነት ራሱ በአንቀጽ 3፣ ለግል ፍጆታ በሚሆን ጊዜ ከቅጣት ይልቅ ሕክምናንና ተሐድሶን መምረጥ እንደሚቻል በግልጽ ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ኃላፊዎችም በኅዳር 2018 ባወጡት የጋራ አቋም ይህንኑ ደግፈዋል። የአፍሪካ ኅብረትም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ ሜክሲኮ አደባባይን አልፎ ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ለ2016ቱ ጉባኤ የጋራ የአፍሪካ አቋም አዘጋጅቶ፣ ከ2019 እስከ 2023 የሚሄድ የድርጊት ዕቅድም አውጥቶ ነበር። ሰነዱ የተጻፈው በከተማችን ነው፤ ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ቤተሰቦቻችን ልጃቸው በሱስ ሲያዝ ምን እንደሚያደርጉ ሁላችንም እናውቃለን። ጠበል ይወስዱታል፤ ዘመድ ይመክረዋል፤ ሲብስ አማኑኤል ሆስፒታል ያደርሱታል። ማንም እናት ልጇን በገዛ እጇ ለፖሊስ አሳልፋ መስጠትን አስቀድማ አታስብም። ያቺ እናት የምታውቀውን ሕጉ ቢያውቅ፣ ሐኪሙም በቂ አልጋ ቢኖረው፣ የኦሪጎንን ስሕተት ሳንደግም የፖርቱጋልን ጥቅም ማግኘት እንችላለን። አስቀድሞ አልጋው፣ ከዚያ ሕጉ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ እንዲሆን እማጸናለሁ።

እዚህ የተቀመጣችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የጤና ሚኒስቴር ባልደረቦች ካላችሁ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የዘንድሮውን የሞርፊን ግምት ስታዘጋጁ የየሆስፒታሉን የወጪ መዝገብ ብቻ አትጠይቁ፤ የካንሰር ሐኪሞችንና የሚያስታምሙትን ነርሶች ስንት ታማሚ መድኃኒት አጥቶ እንደተመለሰ ጠይቋቸው፤ ካነሰም ተጨማሪውን ግምት ላኩ። የውጭ ጉዳይ ሰዎችም በመጋቢት ወደ ቪየና ስትሄዱ አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ አንድ የሱስ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። የሕግ ተማሪዎች፣ አንቀጽ 525ን ከ1988 ስምምነት አንቀጽ 3 ጋር አስተያይታችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ሥሩበት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ሱስ ውስጥ ከገባ አትደብቁት፤ ሕክምና ጠይቁ፤ ሕክምናው ከሌለ ደግሞ በወረዳችሁ ስብሰባ ተነሥታችሁ ጠይቁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን መድረኩን ለውይይት እለቃለሁ፤ ከኋላ በኩል የተቀመጣችሁ የካንሰር ክፍል ነርሶች እጃችሁን ስታነሡ አይቻለሁና፣ ከእናንተ እንጀምር።